ሙስሊም ነኝ፤ በክርስቲያን ኮሌጅ ነርሲንግ በዲግሪ ብማር ይከብደኛል?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ካሳጣኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ዕድሜዬ 19 ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ 50 በመቶውን አልፌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ውጤቴ ግን ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብገባ መጀመሪያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) እጨርሳለሁ። ከዚያ በውጤቴ ተወዳድሬ ነው ዲፓርትመንት የሚደርሰኝ። ነርሲንግ ይደርስሻል ብሎ የሚፈርምልኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከነርሲንግ ውጭ ሌላ መማር አልፈልግም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አያቴ ስኳር አለባት። ካቻምና ከግራ እግሯ አውራ ጣት ሥር አንዲት ቁስል ወጣች። ጫማ የላጣት መስሎን ዝም አልን። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ እሷም አላመማትም። በኋላ ስናየው ጠልቋል። በየቀኑ ጤና ጣቢያ ማመላለስ አልቻልንም፤ ባጃጁ ራሱ ወጪ ነው። አንዲት ሲስተር ሁኔታችንን አይታ «ነይ እዪና ቁስሉን ቤት እጠቢላት፣ በሳምንት አንዴ አምጫት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሥራዬ ይኸው ነው። እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። የትናንቱን ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) በሳላይን (በጨው ውኃ) አርሼ በቀስታ አነሣዋለሁ። ደርቆ ከተሳበ አዲሱን ሥጋ ይዞት ይነሣል። ከመሃል ወደ ዳር እጠርጋለሁ። ሽታውን አያለሁ። ጠርዙ ጠበበ ወይስ ሰፋ እላለሁ። መጀመሪያ የአንድ ብር ሳንቲም ያክል ነበር። አሁን የምስር ፍሬ አክላለች። አያቴ «እጅሽ ቀላል ነው» ትለኛለች። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ሙያ ሊታየኝ አልቻለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አክስቴ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አንቺ በኔ መንገድ አትመጪም። ትምህርት ቤት ፈልጊ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ። ፈለግኩና አገኘሁ። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ሆስፒታሉም ኮሌጁም የቤተ ክርስቲያን ነው። ነርሲንግ በዲግሪ ያስተምራል፤ ዶርምም አለው። የሚያውቁት ሁሉ በደግ ያነሡታል።

ቤታችን የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ «ሂጂ» አለች። አባቴ ዝም አለ። አባቴ ዝም ሲል ከባድ ነው። ክርስቲያን ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። የወሎ ሰው ነን። የአያቴ ወንድሞች ክርስቲያን ናቸው። ሠርግ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። በመጨረሻ የተናገረው ይህን ነው፦ «ጎረቤት መሆን ሌላ፣ አራት ዓመት እነሱ ግቢ ማደር ሌላ።»

እንግዲህ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ንገሩኝ። ሂጃቤን አውልቂ እባላለሁ? ቤተ ክርስቲያን መግባት ግዴታ ነው? ሥጋው የነሱ እርድ ስለሚሆን ምን እበላለሁ? ረመዳንስ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ላይ እንዴት ይያዛል?

አንድ ተጨማሪ ስጋትም አለብኝ። የአጎቴ ልጅ አንድ የግል ኮሌጅ ገብታ ሦስት ዓመት ከፈለች። በኋላ ፕሮግራሙ ዕውቅና የለውም ተባለና ባዶ እጇን ተመለሰች። አክስቴ በላቧ ያጠራቀመችውን እንደዚያ ማድረግ አልችልም።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

እህት ዓለም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫሽ ሥር አለ። ጤና ሳይንሱ ደሴ ነው። ምን አርቆ ወሰደሽ? ፍሬሽማን ላይ ጠንክረሽ አጥኚና ነርሲንግን አንደኛ ምርጫ አድርጊ። የአክስትሽም ገንዘብ ይተርፋል። በበኩሌ ሃይማኖቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ክፍያው ላይ ነው። ነርሲንግ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ዲግሪ ይዘሽ ቤት ብትቀመጪ ማን ይመልሰዋል?

የቦርከና ልጅ

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንድመደብ የምወስነው እኔ አይደለሁም። በምርጫዬ እሞላለሁ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። የኛ ሰፈር ልጆች እኮ የት የት እንደደረሳቸው ታውቃለህ። ርቆ መሄዱ ካልቀረ የምፈልገውን ልማር ብዬ ነው።

ሲስተር ከሸዋ በር (ደሴ)

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። አብሽሪ። ትናንት ማታ ዲዩቲ ላይ ሆኜ አነበብኩሽና ጠዋት እስክወጣ አላስቻለኝም።

እኔ ደሴ ሸዋ በር ነው ያደግሁት። ሙስሊም ነኝ። ነርሲንግ የተማርኩት በካቶሊክ ኮሌጅ ነው። ያንቺው ይሁን ሌላ አላውቅም፤ የኔንም ስም አልጠራም። ከተመረቅሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሁን ሰርጂካል (የቀዶ ሕክምና) ዋርድ እሠራለሁ። ስለዚህ የጠየቅሽውን ሁሉ ኖሬበታለሁ።

ሂጃቡን ማንም አውልቂ አላለኝም። ዋርድ ላይ ግን ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አለ። ከክርን በታች እጅ ባዶ ነው። ቀለበት የለም፣ አምባር የለም፣ ረጅም ጥፍር የለም። የተንጠለጠለ ጨርቅም አይፈቀድም። የአያትሽን ቁስል የምታጥቢ ልጅ ነሽና ለምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። እኔ ሁለት አጫጭር ነጭ ሂጃብ አሰፋሁ። ጫፋቸውን ጋውኑ ውስጥ እከታለሁ፤ አንዱን ሳጥብ አንዱን እለብሳለሁ። የከበደኝ እጅጌው ነበር። ክንዴን ገልጬ ወንድ በሽተኛ ፊት መቆም ጨነቀኝ። ለረፍት ደሴ ስመጣ የሰፈራችንን ሸኽ ጠየቅኋቸው። «ለሥራው ሰዓት ነው፣ ነፍስ ለማዳን ነው፣ ሲያበቃ ሸፍኚ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አረፈ። አንቺም ከመሄድሽ በፊት የምታምኛቸውን ሰው ጠይቂ። እዚያ ደርሰሽ ብቻሽን አትጨነቂበት።

የጸሎቱ ነገር ትንሽ ሰፋ ይላል። እኛ ጋ ጠዋት 1:30 ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ በጸሎት ቤቱ ይሰበሰባሉ። አንደኛ ዓመት ላይ የዶርም ኃላፊዋ በየጠዋቱ «አንቺስ አትመጪም?» ትለኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። ግን በየቀኑ ሲሆን ይከብዳል። እኔም አፍሬ ሦስት ሳምንት ያህል ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ዱአዬን በልቤ እያደረግኩ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን አለቀስኩ። የኮሌጁ ዲን (ኃላፊዋ) መነኩሲት ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ የተማሪዎችን መመሪያ ከመሳቢያ አወጡ። ገጹን ገልጠው አነበቡልኝ፦ የሌላ እምነት ተማሪ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ይችላል ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር መጀመሪያውኑ በጽሑፍ ተፈትቶ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍዪ መመሪያውን ጠይቂና ወስደሽ አንብቢው። በቃል «ችግር የለም» ብትባዪ አትቀበዪ። ጸሎት ግዴታ ነው? ከማርክ ይቆረጣል? የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ አለ? ካለስ ውጤቱ ይያዛል? እነዚህን በወረቀት እዪ። አንዳንዱ ኮሌጅ ግዴታ ያደርገዋል፤ ያ መብታቸው ነው። አንቺ ደግሞ አውቀሽ መግባት መብትሽ ነው።

ደግሞ «ክርስቲያን ኮሌጅ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። አድቬንቲስት ከሆነ ከዓርብ ጀንበር መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ጀንበር መጥለቅ ትምህርት የለም፤ እሑድ ልትማሪ ትችያለሽ። አሳማ አይበሉም፣ መጠጥና ሲጋራም አይፈቅዱም። በዚህ በኩል ለኛ ይቀላል። ካቶሊክ ወይም መካነ ኢየሱስ ከሆነ እሑድ ነው የሚዘጋው። ያንቺ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አጣሪ።

ስለ ምግቡ አልዋሽሽም። ሥጋ አልበላሁም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ እንቁላል ነበር ኑሮዬ። የሚገርምሽ፣ የቀለለኝ በነሱ ዓቢይ ጾም ነው። ሁሉም የጾም ስለሚበላ አንድ ማዕድ ላይ ያለ ጥያቄ እቀርባለሁ። በፋሲካ ማግስት ግን ካፌው በሙሉ ዶሮና በግ ሲሆን እኔ ዳቦና ሻይ ይዤ ዶርም እገባ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የክፍሌ ልጆች ይህን አዩ። ከዚያ በኋላ በየፋሲካው አንድ ድስት ምስር ቀድመው ያስቀምጡልኝ ጀመር። ያዘዛቸው ሰው አልነበረም።

ረመዳንን የፈታሁት በመለዋወጥ ነው። የገናንና የፋሲካን ሌሊት እኔ እይዛለሁ። እነሱ የኔን ዒድ ይይዙልኛል። በረመዳን የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ደግሞ አንዷ ዋርዱን ለሩብ ሰዓት ትጠብቅልኛለች፤ እኔ በቴምርና በውኃ አፈጥርና እመለሳለሁ። ዛሬም ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የምንሠራው እንደዚሁ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያስተምርሽ ኮሌጅ አያስፈልግሽም፤ ከቤትሽ ይዘሽው ነው የምትሄጂው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ለኔ ዋናው ይህ ነው። ኮሌጁ የማን ሃይማኖት እንደሆነ ከሚያስጨንቅሽ ይልቅ አንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ እንደሚቆም ያስጨንቅሽ። ነርሲንግ በጆሮ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ ትማሪያለሽ። ከዚያ ስኪል ላብ (የልምምድ ክፍል) ገብተሽ በአሻንጉሊት ላይ መርፌ ትወጊያለሽ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ታስገቢያለሽ፣ አልጋ ታነጥፊያለሽ። ከዚያ ሜዲካል፣ ሰርጂካል፣ ሕፃናት፣ ማዋለጃ፣ አእምሮ ሕክምና፣ ጤና ጣቢያ እየዞርሽ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ትወጫለሽ። የራሱ ሆስፒታል የሌለው ኮሌጅ ተማሪውን በስምምነት ወደ ሌላ ይልካል። አንዳንዴ ከሦስት ኮሌጅ የመጡ ልጆች አንድ ዋርድ ላይ ይደራረባሉ። ሃያ ልጅ አንድ በሽተኛ ከቦ የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ሎግ ቡኩ (የተግባር መዝገቡ) ይፈረማል፤ እጅ ግን ባዶ ይመረቃል። የራሱ ሆስፒታል ያለው ኮሌጅ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። እኛ ለአንድ አስተማሪ አምስት ወይ ስድስት ነበርን።

አንድ ቀን ልንገርሽ። ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አንድ የልብ ሕመም ያለባቸው አባት ግሉኮስ ታዘዘላቸው፤ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት። የኛ የግሉኮስ ማውረጃ ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነበር። ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁ፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ትክክል ነው። ሰዓቴ ጋውኔ ደረት ላይ ተንጠልጥሏል። ቆሜ ቆጠርኩ፣ መቆጣጠሪያውን አስተካከልኩ፣ ኮራሁ፣ ሄድኩ። አስተማሪያችን ሲስተር ከኋላዬ መጥተው ዝም ብለው ቆሙ። እሳቸውም ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ጠሩኝና «ስንት ሰከንድ ቆጠርሽ?» አሉ። ግማሽ ደቂቃ ነበር የቆጠርኩት። 42ቱን በ30 ሰከንድ አውርጄዋለሁ ማለት ነው። በ8 ሰዓት የሚገባው በ4 ሰዓት ሊገባ ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ያ ውኃ ሳንባ ላይ ይወጣል። አልጮኹብኝም፤ በሽተኛው ፊትም አላዋረዱኝም። በጣታቸው ቀስ አድርገው አጠበቡትና «አሁን ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር» አሉ። ሁለታችን ቆመን ጠብታውን ቆጠርን። እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ ደቂቃ ነው የምቆጥረው። አሁን ተማሪዎች ሲመጡልኝ መጀመሪያ የማሳያቸውም ይህንኑ ነው። ኮሌጅ ስትመርጪ ከጀርባሽ መጥቶ የሚቆም አስተማሪ እንዳለ ነው ማየት ያለብሽ።

ሌላም አለ። ይህንን ለአባትሽ አንብቢላቸው።

አንድ ሌሊት ሜዲካል ዋርድ ነን። ወገን ያልተከተለው አንድ ሽማግሌ ሰው ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ከሩቅ የመጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አረፈ። እኔ ሌላ አልጋ ላይ ነበርኩ። ተረኛዋ መነኩሲት ካርዱን አንብበው ስሙ የሙስሊም መሆኑን አዩ። ልጅ ልከው አስጠሩኝ። መጋረጃውን ስገልጥ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ አልነኩትም። «ፊቱን ወዴት ነው የምታዞሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ሰሜን አልኳቸው፤ ከኛ አገር መካ ወደዚያ ነው። አልጋው ጠባብ ነበር። እሳቸው በእግሩ በኩል፣ እኔ በራሱ በኩል ይዘን አዞርነው። ዓይኑን እኔ ገጠምኩ። አገጩን በፋሻ አሰርኩ። ካቴተሩን እሳቸው አወጡ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዱአ ሳደርግ እሳቸው ወጥተው መጋረጃው በር ላይ ቆሙ፤ ሰው እንዳይገባ። ጠዋት የከተማው መስጊድ ሰዎች መጥተው ለማጠብና ለመከፈን ወሰዱት።

ሟች መንከባከብም የነርስ ሥራ ነው፤ በትምህርቱ ውስጥ አለ። እኔ ግን የተማርኩት ያን ሌሊት ነው። ያቺ መነኩሲት ሃይማኖቴን ልትወስድብኝ ብትፈልግ ኖሮ እኔን አታስጠራም ነበር።

አባትሽ አሁንም ከተጠራጠሩ ሩፈይዳ አል-አስለሚያን አንሺባቸው። በመዲና፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ድንኳን ተተክሎላት የቆሰሉትን የምታክም ሴት ነበረች። ሙያው የኛም ነው። የሰው ቤት ሥራ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ሲስተር የሚበቃውን ተናግራለች። እኔ የታሪክ መምህር ስለነበርኩ አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ ነገሩን እንግዳ አድርገው ካዩት ይጠቅም ይሆናል።

ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ደሴ ላይ ሆስፒታል መሥራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከጣልያን ወረራ በፊት አድቬንቲስቶች የሚያክሙበት ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ነበር። ሕዝቡ የአሜሪካ ሆስፒታል ይለው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ እያሉ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ያ ሆስፒታልም ተመታ። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም አጀማመሩ በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ሰው የሚሸሸውን በሽተኛ አስጠግቶ ነው የተነሣው። የወሎ ሙስሊምም ክርስቲያንም እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ድኗል።

አዲስ አበባ ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ደርግ እስኪወርሰው ድረስ በአድቬንቲስቶች እጅ ነበር፤ ነርሶችም ያሠለጥን ነበር። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ራሷ ለንደን ውስጥ ነርሲንግ ተምራ፣ አገሯ ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወጣትነቷ አርፋለች። የንጉሥ ልጅ የሰው ቁስል ስታጥብ አላፈረችም ለማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከአባትሽ ጋር እስማማለሁ። ዝም ማለታቸው ስለሚወዱሽ ነው። አታቻኩያቸው። ከተቻለ ይዘሻቸው ሂጂና ግቢውን ይዩት።

የእጅ ሙቀት (ኮምቦልቻ)

እኔ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ደረጃ 4 ነበርኩ፤ ዲግሪዬን ከሥራ ጋር ነው የጨረስኩት። ስለ ዕውቅናው የጠየቅሽውን በአጭሩ ልመልስ።

«ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ማለት አይበቃም። ዕውቅናው ለነርሲንግ ዲግሪ፣ አንቺ ለምትማሪበት ግቢ፣ ለመደበኛው ፕሮግራም መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጪ። የታደሰበትንም ቀን እዪ። የአጎትሽ ልጅ ላይ የደረሰው ነገር በዚህ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ሌላ ትምህርት ላይ ፈቃድ አለውና ሰው ሁሉም ላይ ያለው ይመስለዋል።

ዲግሪው ከመንግሥቱ ጋር እኩል ነው ወይ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ፈተናው አንድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ሲመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ደግሞ መፈተን ይቻላል። እሱን ካለፍሽ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ፈቃድ ሳትይዢ በነርስነት ሥራ አይፈቀድልሽም። ስለዚህ ኮሌጁን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ባለፉት ዓመታት ስንት ነርሲንግ ተማሪ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ?» ደህና ኮሌጅ ቁጥሩን አይደብቅም።

የጦሳ ጥላ ስለ ሥራ ያነሣው እውነት ነው። ቅጥር ይዘገያል፣ ደሞዙም ያስቸግራል። ይህን አውቀሽ ግቢ። ግን ደግሞ ሌሊት ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የምትወልድ ሴት ስትመጣ ሁለት ነርስ ብቻ የሆንበት ቀን ስንት ነው? ሰው አያስፈልግም ተብሎ አይደለም።

የጦሳ ጥላ

ሲስተር፣ የጠብታውን ታሪክ አነበብኩት። እናቴ ባለፈው ዓመት ስትታመም ግሉኮሷን የቆጠረላት ሰው አላየሁም። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ የሚያስቆጥር ቤት ካገኘሽ ሂጂ እህቴ። ፍሬሽማኑን ግን እዚያም ቢሆን እንዳትንቂው።

የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከእርሻ ደክሞ ገብቶ ነበር። የሽማግሌው ሰው ሞት ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ደግመሽ አንብቢው» አለኝ። ደገምኩት። ፊቱን ወዴት ነው የምታዞሩት ያሉትን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ተነሥቶ ዒሻውን ሰገደ። ሲመለስ «መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለ።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሄዳለን። በሥራ ቀን ጠዋት ነው የምንደርሰው፤ ዋርዱን በሥራ ሰዓት ለማየት። መመሪያውን እጠይቃለሁ። የዕውቅናውን ወረቀት እጠይቃለሁ። ስንት ልጅ አንድ አልጋ ዙሪያ እንደሚቆም እቆጥራለሁ። አባቴ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይዟል፤ በከተማው መስጊድ አለ ወይ፣ ከግቢው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል ይላል። እሱን ለራሱ ትቼለታለሁ።

የቀረኝ የአያቴ እግር ነበር። እኔ ስሄድ ማን ያጥባታል እያልኩ ሌሊቱን አደርኩ። ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። ደም ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ቀሰቀስኩት። እጁን እስከ ክርኑ አስታጠብኩት፣ ሁለቴ። ሳላይኑን እኔ አፈሰስኩ፣ ጎዙን እሱ ያዘ። «አትጎትት፣ እስኪርስ ጠብቅ» አልኩት። ጠበቀ። አያቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጎዙ ሲነሣ ማን እንዳነሣው ሳታይ «ቢስሚላህ» አለችና ዝም አለች። አላመማትም። ወንድሜ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ ቁስሏን አየና «ትንሽ ናት እኮ» አለኝ። ነገም እሱ ነው የሚያነሣው።